መብራት የጠፋ ቀን ልጄ ማኘክ ጀመረች

ግንቦት 2017 ነው። ድሬዳዋ በግንቦት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ የቧንቧው ውሃ ሳይጣድ የፈላ ይመስላል። ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን መብራት ሄዷል። ልጄ 9 ወር ከ2 ሳምንቷ ነው፤ ርቧታል፣ ታለቅሳለች። ድንቹ፣ ካሮቱና ዱባው ተቀቅሎ ድስት ውስጥ ቁጭ ብሏል። እኔ ደግሞ ጁስ መፍጫውን ታቅፌ መብራት እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

አሁን ሳወራው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን አላሳቀኝም። ድንች ትን ካላት ቀን ጀምሮ በጁስ መፍጫ ያላለፈ ነገር አፏ ገብቶ አያውቅም። ጠበቅን፣ ጠበቅን። አማቴ ልጅቷን በአንድ እጃቸው እያባበሉ በሌላው በካርቶን እያራገቡላት «በእኛ ጊዜ እኮ ይሄ መኪና አልነበረም» አሉ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ጎረቤቴ ለቅሶውን ሰምታ በበሩ ብቅ አለች። ስድስት ልጅ ያሳደገች የድሬ ሴት ናት። «አቦ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አለች። መብራቱን ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ከት ብላ ሳቀች። ቤቷ ሄዳ በሳህን ሩዝና አንድ ሙዝ ይዛ ተመለሰች። «አይዞሽ፣ ሥጋ ያልነካው ነው» አለችኝ ገና ከበሩ። እዚህ አገር ሥጋችን ለየብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ አንድ ነው፤ ሳይጠየቁ መናገርም የጉርብትናው አንዱ ወግ ነው። ሩዝን በሙዝ መብላት ደግሞ ከሶማሌው የመጣ የድሬ ነገር ነው። አማቴ ከደብረ ብርሃን የመጡ ናቸውና በመገረም ያዩ ጀመር።

እጇን በሳሙና ታጥባ ሙዙን በጣቶቿ ጨፈለቀችው። ሩዙን ጨምራ አሸችው። ግን አላላመችውም፤ ፍሬው አንድ በአንድ ይታያል። ቆንጠር አድርጋ ለልጄ አቀመሰቻት። ልጄ ፊቷን አጨማደደች፣ ምላሷን አወጣች፣ ወደ ላይ ወደ ላይ አላት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዘልዬ ተነሣሁ። ጎረቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና «ድምፅ አላት አይደል? ተያት» አለች። ልጄ አንዴ ሳለች፣ ጥቂት የሩዝ ፍሬ ተፋች። ከዚያ አገጯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም። ያኔ የነበሯት ጥርሶች ከታች ሁለት ናቸው፤ የምታኝከው በድዷ ነው። ዋጠችና እንደገና አፏን ከፈተች።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ጁስ መፍጫ ታቅፋ ለተቀመጠች እናት ነው። ሐኪም አይደለሁም። የጤና ባለሙያ የነገረችኝን ከራሴ ስሕተት ጋር አድርጌ ነው የማወራው።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ነው። ልጄ 6 ወር እስኪሞላት ጡት ብቻ ጠባች፤ ሥራ ከገባሁ በኋላም እያለብኩ እተውላት ነበር። 6 ወር ስትደፍን ተጨማሪ ምግብ ጀመርን። አማቴ ገብስ፣ አጃና ሽምብራ ቆልተው ያስፈጩትን ምጥን ዱቄት ከደብረ ብርሃን ይዘው መጥተዋል። እሱን ገንፎ እያደረግን፣ ድንችና ዱባ እያላመን፣ መጀመሪያ ደኅና ሄድን። በ7 ወሯ አንድ ቀን ማታ የተቀቀለ ድንች በደንብ ሳልፈጨው ሰጠኋት፤ ትን አላት። ሳለች፣ ፊቷ ቀላ። እኔ ያደረግኩትን ማንም እንዳያደርገው፤ ሳላይ ጣቴን ጉሮሮዋ ድረስ ከተትኩ። ድንቹ በራሷ ሳል ሊወጣ የነበረውን ወደ ውስጥ ልገፋው ነበር። ደግነቱ አስታወከችና ወጣ። እጄ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አደረ። በነጋታው ከቀፊራ ገበያ ስመለስ ጁስ መፍጫ ይዤ ገባሁ።

የጁስ መፍጫ ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ውሃ ካልጨመሩበት አይዞርም። ድንቹ ምላጩ ላይ ተለጥፎ ሞተሩ ይጮሃል። ስለዚህ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ፣ ይፈጫል። ነገ ትንሽ ቀጠን ይላል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የበለጠ። ቆይቶ የማበላት ምግብ ሾርባ ሆነ። በማንኪያ መስጠቱ ሲሰለቸኝ የጡጦ ጫፍ ቀድጄ በሱ እንድትጠጣው አደረግኩ። (አዎ፣ አደረግኩት። እናት ሲደክማት የማታደርገው የለም።) ልጄ በቀን ሦስቴ ሆዷ እስኪነፋ ትጠጣለች፣ እኔም ልጄ በላች እላለሁ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ለ9 ወሯ የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ መዘነቻትና ካርዷን ገልብጣ አየች። ከ7 ወሯ ወዲህ ኪሎዋ ፈቀቅ ያለው በጥቂቱ ነው። «ምን ትበላለች?» አለችኝ። ዘረዘርኩላት፤ ካሮቱ፣ ዱባው፣ አቮካዶው፣ አንዳንዴም ዶሮ። ዝርዝሩ ሲሰማ ያምራል። «ይዘሽዋል?» አለች። ለመንገድ ብዬ ይዤ የወጣሁትን አውጥቼ ሰጠኋት። በማንኪያ ቀዳችና ዘቀዘቀችው። ፍስስ አለ።

«ይሄ ውሃ ነው» አለች። «የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። በውሃ ከሞላሽው ለምግብ ቦታ አይኖረውም። ማንኪያውን ስትዘቀዝቂው ቶሎ የማይወርድ፣ ለጠጥ የሚል መሆን አለበት። ደግሞ 9 ወር ሞልቷታል፣ የላመ ብቻ መብላቷ ይቅር፤ ጓጓላ ነገር ልመጂያት፣ በእጇም ይዛ ትብላ።»

ፈራሁ አልኳት። ብዙ እናቶች እንደሚሉት፣ ጊዜው በዘገየ ቁጥር ግን ልጁ እንደሚቸገር፣ ከ9 እስከ 10 ወር ድረስ ጓጓላ ያልቀመሱ ልጆች ኋላ ላይ ምግብ መምረጥና እንቢ ማለት እንደሚበዛባቸው ነገረችኝ። 1 ዓመት ሲሞላት የቤተሰቡን ምግብ መብላት አለባት አለች። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በመሃል አንድ ሁለቴ መክሰስ፤ ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ሁሉንም እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ያደረግኩት ነገር ግን ውሃውን መቀነስ ብቻ ነበር። ፍርሃት በምክር አይወጣም። የእኔን ፍርሃት ያወጣው የመብራት መጥፋትና የጎረቤቴ እጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ድምፅ አላት አይደል?» የሚለውን ጎረቤቴ በልምድ ታውቀዋለች፤ ሲስተሯም በኋላ ስጠይቃት ያንኑ አለችኝ። ሕፃን አዲስ ነገር አፉ ሲገባ ወደ ላይ ወደ ላይ ማለቱ ሰውነቱ ራሱን የሚጠብቅበት ነው። በሕፃንነት ይህ ስሜት የሚነሣው ከአዋቂ ይልቅ ወደ ምላስ ፊት ቀረብ ብሎ ነው፤ እያደጉ ሲሄዱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ ምግቡ ገና ጉሮሮ ሳይደርስ ነው ኧክ የሚሉት። ያስላሉ፣ ድምፅ ያወጣሉ፣ ፊታቸው ይቀላል፣ ከዚያ ወይ ይተፉታል ወይ ይውጡታል። ያኔ የእናት ሥራ ዝም ብሎ ማየት ነው። መጮህም፣ ጀርባ መደብደብም፣ ጣት መክተትም አያስፈልግም። ስንደነግጥ እነሱም ይደነግጣሉ።

መታነቅ ሌላ ነው። የታነቀ ልጅ ዝም ይላል። ማልቀስም ማሳልም አይችልም፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ይህ ከሆነ ሰው እየተጣራችሁ ልጁን በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፤ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ዝቅ ይበል፣ አገጩን ደግፉ። በመዳፋችሁ ሥር በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ካልወጣ በጀርባው ገልብጣችሁ ደረቱ መሃል ላይ 5 ጊዜ ተጫኑ፤ እስኪወጣ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። በዓይን የሚታይ ነገር ካልሆነ በጣት አትፈልጉ። ይህ 1 ዓመት ላልሞላው ነው። ልጁ ራሱን ከሳተ አያያዙ ይለወጣል፤ እሱን ደግሞ ከጤና ባለሙያ በእጅ ተማሩት። እኔ በኋላ ጤና ጣቢያ የሄድኩ ቀን ሲስተሯን ለምኜ በልጄ አሻንጉሊት አሳይታኛለች። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ ቀን በኋላ ጭንቀቴ በግማሽ ወረደ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። ልጄ ጓጓላ መብላት ከጀመረች በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ወደ ላይ ይላት ነበር። አማቴ አላስቻላቸውም። አንድ ማታ ቡና ላይ «እንጥሏ ወርዶ ነው» አሉ። «የሚያውቁ ሰው ይኖራሉ፤ ብታስቆርጧት ይሻላት ነበር።» እኔ ድሬ ያደግኩ ነኝ፤ አንቱታ ላይ ብዙም አይደለሁም። ያን ማታ ግን ቃሌን መርጬ፣ «እማዬ፣ እርስዎ የሚሉትን ሐኪሟም ትስማና የምትለውን እንስማ» አልኳቸው። ባለቤቴ ሊቆጣ ሲል በዓይኔ ከለከልኩት። ሴትዮዋ ለልጄ ሠላሳ ዓመት የተሸከሙትን ፍቅር ነው የሚናገሩት፤ የራሳቸውን ልጆች እንጥል አስቆርጠዋል፣ ልጆቹም አድገዋል፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ አይፈልጉም። በነጋታው አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው አስረዳች። እንጥል ምግብ ስንውጥ የሚሠራ የሰውነት ክፍል እንደሆነ፣ መቁረጡ ደም ሊያፈስና ሊያመረቅዝ እንደሚችል፣ በስንት ልጅ ላይ እንዳየችው። አማቴ በመንገድ ባጃጅ ውስጥ ምንም አልተናገሩም። ቤት ስንደርስ «እንግዲህ እነሱ ያሉት ይሁን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ኧክ ስትል «ድምፅ አላት» የሚሉኝ እሳቸው ሆኑ።

ሹካ ገዛሁ ማለት አልችልም፤ ቤት ነበረ። ሥራው ሁሉ የሹካ ነው። መጀመሪያ ድንችና ዱባን በሹካ ጨፈለቅኩ፣ ውሃ ሳልጨምር፣ በወተቴ ወይም በጠብታ ዘይት እያለሰለስኩ። በሳምንቱ አጨፋለቁን ሻካራ አደረግኩት። አንድ ያበላሸሁትን ልናገር፤ ከቀጭን ሾርባ ውስጥ የድንች ቁራጭ ጣል ጣል አድርጌ ብሰጣት ለመሸጋገሪያ የሚቀል መስሎኝ ነበር። ልጄን በጣም ያስቸገራት እሱ ነው። ሾርባውን ልትውጥ ስትል ድንቹ ድንገት ይመጣባታል። ለአዋቂ ቀላል ነው፣ ለእሷ ሁለት ሥራ በአንዴ ነው። ወይ ሁሉም ወፈር ያለ ይሁን፣ ወይ ቁራጩ ለብቻው በእጇ ይሁን።

በእጅ የሚያዘው መለኪያው ቀላል ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ስትጫኑት ከተጨፈለቀ በድድ ይታኘካል። የበሰለ ካሮት፣ የበሰለ ፓፓያ፣ ዱባ፣ ሙዝ፣ ድንች። ጣት በሚያህል ርዝመት እቆርጠዋለሁ፤ በጭብጧ ስትይዘው ጫፉ ወጣ ይላል። አቮካዶ እየሾለከ አስቸገረን፤ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ፈርፍሬ ላዩ ላይ አንከባለልኩት፣ ያዘ። ማንጎ ደግሞ ሥጋውን በልተን ትልቁን ፍሬ እንሰጣታለን። እሱን ስትግጥ ከአገጯ እስከ ክርኗ ማንጎ ይሆናል። ድሮም ማንጎ በድሬ ልጅ የሚበላው በግቢ ውስጥ ራቁት ተቀምጦ ነው፤ ከዚያ በባልዲ ውሃ።

እንጀራ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ለስላሳ ነው ብዬ። ደረቁን ብትን አድርጌ ሰጠኋት፤ ላንቃዋ ላይ ተለጥፎ አልወርድ አላት፤ የተለጠፈውን በዓይኔ እያየሁ ቀስ ብዬ በጣቴ አላቀቅኩላት። እንጀራ ለሕፃን መረቅ ይፈልጋል። አልጫ ሽሮ ሠርቼ ጨው ሳይገባበት የእሷን ቀንሼ፣ እንጀራውን አድቅቄ ፈትፍቼ ስሰጣት ያለችግር ወረደ። ዛሬም ከሁሉ የምትወደው ፍትፍት ነው። ከሽሮው በኋላ ትንሽ ፓፓያ ወይም ብርቱካን እሰጣታለሁ፤ በሽሮና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ የሚወስደው እንዲህ ሲሆን ነው። ሕፃን ከእናቱ ይዞት የሚወለደው ብረት ከ6 ወር በኋላ እየተሟጠጠ ስለሚሄድ ይህ ነገር ቀልድ አይደለም።

በዚህ ላይ ነው ከአማቴ ጋር ሁለተኛ ክርክራችን የነበረው፤ ሻይ በብስኩት። ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነክረው ማጉረስ ይወዳሉ፤ ልጅቷም ትወደዋለች። ሻይ ብረቱን ይይዘዋል፣ ስኳሩም ለእሷ አይሆንም። መከልከሉ ጠብ ሊያመጣ ሲሆን ብስኩቱን በታለበ ወተቴ እንዲነክሩት ተስማማን። ሻዩን እኔ ሳልኖር እንደሚያቀምሷት አውቃለሁ። አንዳንዱን ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ስለ ጾም የሚጠይቁኝ እናቶች አሉ። ልጄ ምግብ የጀመረችው የዐቢይ ጾም ሊያዝ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ሕፃን ጾም እንደሌለበት አማቴ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ያስጨነቃቸው ድስቱ ነው፤ እንቁላል የተቀቀለበት ድስት ለጾም ወጥ እንዴት ይጣዳል? ነገሩን በክርክር አልፈታሁትም፤ አንዲት ትንሽ ብረት ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለየሁላት። የፍስክ ዕቃዋ ከመስኮቱ ሥር ለብቻው ይቀመጣል። በቅበላ ሰሞን ጉበት ገዝቼ በትንሽ በትንሹ በፌስታል ቋጥሬ ፍሪዘር ከትቼም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መብራት ውሎ አድሮ ጠፋና ሁሉንም ጣልኩት። እስከ ፋሲካ በእንቁላል ተወጣነው። ከፋሲካ በኋላ ጉበቱን በደንብ አብስዬ ቀዝቀዝ ሲል በካሮት መፈቅፈቂያ እየፈቀፈቅኩ በገንፎዋ ላይ እነሰንሳለሁ፤ ዱቄት ይመስላል፣ ሳታውቀው ትበላዋለች። ዘወትር አይደለም፣ በሳምንት አንዴ ይበቃታል።

ሙቀቱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ደጋ ያሉ እናቶች አይገባቸው ይሆናል። በግንቦትና በሰኔ ልጄ ቀትር ላይ ምንም አትበላም። መጀመሪያ በግድ ላጎርሳት እታገል ነበር፤ ለቅሶ ብቻ ነው ትርፉ። በኋላ ሰዓቱን ቀየርኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ፀሐይ ሳትበረታ ዋናውን ምግቧን ትበላለች፤ ረፋዱ ላይ አንድ ጊዜ፤ ቀትር ላይ ፓፓያና ጡት ብቻ፤ 11 ሰዓት ላይ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ፤ ማታ ሰውነቷን ካጠብኳት በኋላ የመጨረሻውን። እኛስ ቢሆን በዚያ ሙቀት ሽሮ ይወርድልናል? ምግቡን ደግሞ በአንዴ ለቀኑ ሙሉ መሥራት ተውኩ። በድሬ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከ1 ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ለሕፃን አልሰጥም፤ ከሳህኗ የተረፈውንም ምራቅ ስለነካው እደፋዋለሁ። አማቴ ሲደፋ ያማቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በጣም ትንሽ አቀርባለሁ፣ ካለቀ እጨምራለሁ።

ኦቾሎኒን ለብቻው ላንሣው፤ የባቢሌ ኦቾሎኒ በየቤታችን ነው። ፍሬውን እንዳለ ለሕፃን መስጠት አደገኛ ነው፤ እስከ 5 ዓመት ድረስ። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ከረሜላ፣ ጥሬ ካሮት፣ ያልተሰነጠቀ ወይን፣ ፍሬው ያልወጣ ቴምርም እንደዚያው። እንግዳ ሲመጣ ዓይኔን ከሰሃኑ አልነቅልም፤ «ትንሽ ታጣጥመው» የሚል ዘመድ በየቤቱ አለ። ኦቾሎኒ ግን ጠቃሚ ነው። የሻገተውንና የተጨማደደውን ለቅመን ጥለን፣ ቆልተን፣ ገለባውን አራግፈን፣ ቅባቱ እስኪወጣ በሙቀጫ እንወቅጠዋለን። ከዚያ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ቀጭን ገንፎ ውስጥ አሟሙቼ በጠዋት ሰጠኋት፣ ቀኑን ሙሉ ላያት ብዬ። ሽፍታም እብጠትም አልታየባትም፤ ቀጠልን። እንቁላልንም እንዲሁ ነው የጀመርኩት። ከባድ ችፌ ያለበት ልጅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ። ማርም 1 ዓመት እስኪሞላት አልቀመሰችም፤ ከሐረርጌ የመጣ ንጹሕ ማር ነው ያሉኝ ሁሉ ተቀይመውኛል። ማር ውስጥ የሚገኝ ጀርም ለትንሽ ሕፃን አንጀት አደገኛ ስለሆነ ንጽሕናው አያድንም።

ሁሉም ነገር ወደ ፊት ብቻ አልሄደም። በ11 ወሯ ተቅማጥ ያዛት። ጤና ጣቢያ ኦአርኤስና ዚንክ ሰጡን፤ ጡቱንም ምግቡንም እንዳላቋርጥ ነገሩኝ። ሲሻላት ጓጓላ የተባለውን ሁሉ እንቢ አለች። ካሮት ስታይ ፊቷን ታዞራለች። እጄ ወደ ጁስ መፍጫው ሄዶ ነበር፤ ከመደርደሪያው ላይ አወረድኩትም። ከዚያ ጎረቤቴ በበሩ ስታልፍ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ ብቻ ቅንድቧን አነሣች። መልሼ ሰቀልኩትና በሹካ የተጨፈለቀ ዱባ ሰጠኋት። ለስምንት ቀን ያህል ለስላሳ ነገር ብቻ በላች። በዘጠነኛው ቀን ከአማቴ ሳህን ላይ ራሷ እንጀራ ቀደደች።

እሱን ካየሁ በኋላ ለብቻዋ ማብላት ተውኩ። ከገበታው አጠገብ ቁጭ አድርገን፣ ከሥሯ ላስቲክ አንጥፈን፣ እኛ ስንበላ ትበላለች። አንዱ ምግብ ከአፏ ይገባል፣ ሁለቱ መሬት ይወርዳል፣ አንዱ ፀጉሯ ውስጥ ይገባል። ስንት ጊዜ ተሰጥቷት እንቢ ያለችውን ነገር አማቴ ሲበሉት ካየች እጇን ትዘረጋለች። አንድን ምግብ ሁለት ሦስቴ ተፋችው ብላችሁ አትጠላውም አትበሉ፤ ባቄላን ከአሥር ጊዜ በላይ ተፍታ ነው የለመደችው። (የድሬ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ ጥራጥሬም ቶሎ አያበስልም። ባቄላውን ከምሽቱ ዘፍዝፉት።)

አሁን ጥቅምት 2018 ነው፤ 14 ወር ሞልቷታል። ስምንት ጥርስ አላት። ፓስታ ትበላለች፣ ቂንጬ ትበላለች፣ ሩዝ በሙዝ ካየች ትንቀጠቀጣለች። ጁስ መፍጫው ለባለቤቴ የፓፓያ ጁስ ይሠራል። ሥጋ ግን በቁራጭ ከሰጠኋት እስካሁን አኝካ አኝካ ጭማቂውን መጣ ትተፋዋለች። ድመታችን ከገበታው ሥር ሆና ትጠብቃለች፤ በዚህ ዓመት በጣም ወፍራለች።